ህልማቸውን ፎቶ ያስነሱት ሽንኩርት ነጋዴ

በጃንሆይ ጊዜ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረኝ። አንድ ቀን አንዲት የአትክልት ተራ ሽንኩርት ነጋዴ መጡና «ልጄ፣ ህልሜን አንሳልኝ» አሉኝ። አልጋቸው ላይ እንደተኙ፣ ራሳቸው በፒያሳ ሰማይ ሲበሩ በህልማቸው አይተዋል።

ደረቱን የነፋ ሙሽራ ማንሳት ሰልችቶኝ ነበርና ደስ አለኝ። ፎቅ ላይ ወጥቼ አደባባዩን አነሳሁ። እሳቸውን ደግሞ ጥቁር ጨርቅ በለበሰ አግዳሚ ላይ ጋደም አደረግኳቸው፤ ሁለቱን ፊልም ደርቤ አንድ ወረቀት ላይ ላትማቸው ነው።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ» ስላቸው ተቆጡ።

«በቁሜ ልትገድለኝ ነው? ዓይኑን ጨፍኖ የሚነሳ ሬሳ ነው!»

አፍጥጠው ተጋደሙ። ሌባ ያየ ዘበኛ እንጂ ህልመኛ አይመስሉም። መብራት ሳስተካክል ግን፣ ዶሮ ሳይጮህ የተነሱ ሴትዮ ናቸውና፣ ማንኮራፋት ጀመሩ። ቶሎ አነሳኋቸው።

ፎቶው ሲደርስ፣ ነጠላቸው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከጋሪዎቹና ከታክሲዎቹ በላይ ለጥ ብለው ተኝተዋል። ትክ ብለው አዩት።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት እኮ!»

«ራሴን ተኝቼ የት አይቼ አውቃለሁ?» ብለው ሳቁ።

ሱቃቸው ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ በላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ገዢ ጮክ ብሎ ሲከራከራቸው፣ ወደ ፎቶው እየጠቆሙ «ቀስ በል፣ ተኝታለች!» ይላሉ።