ማረጋጊያ ያለው ሌንስ፣ ከጅማ እስከ አጋሮ

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መቅደስ በባጃጅ መጥታ ጅማ ውስጥ ካለው ሰፈሬ ከመንደራ ቆጪ ወሰደችኝ። ኅዳር ነው፤ ቡናው ቀልቷል። የገበሬዎች ዩኒየኑ ለቀን መቁጠሪያው ሽፋን አንድ የለቀማ ፎቶ ይፈልጋል፤ ፎቶው የተመረጠለት ሰው የመከሩን ወቅት በሙሉ እየተከፈለው ይሠራል። እኔና መቅደስ አብረን ተመርቀን፣ ቋሚ ሥራ ስላጣን ሰርግ እያነሳን የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ለዩኒየኑ የምናስረክበው አንድ አንድ ፎቶ ነው፤ ቀኑም ዓርብ ከሰዓት ነበር።

መቅደስ አዲስ ሌንስ ይዛለች። ወንድሟ ከዱባይ የላከላት ሲሆን ውስጡ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ማረጋጊያ አለው። “ቁልፉን ግማሽ ድረስ ስትጫኚው ምስሉ ዓይንሽ ላይ ቀጥ ይልልሻል” አለችኝ ባጃጁ ውስጥ። መልካም ነው አልኩ። አፌ ውስጥ ግን የሬት ያህል መረረኝ።

መናኸሪያ ደርሰን የአጋሮ ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ የሌንሱን ቦርሳ አጠገቧ መቀመጫ ላይ አኖረችው። ረዳቱ መጥቶ በጣቱ ወደ ቦርሳዋ ጠቆመ።

“ይቺ ተቀምጣለች፤ ሒሳብ ትክፈል።”

“ትከፍላለች።”

“ስሟ ማነው?”

“አንተ ደግሞ፣ ለሒሳብ ነው ወይስ ለጋብቻ?”

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። እኔ ከኋላ፣ የራሴን ቦርሳ እግሬ ሥር አድርጌ፣ አንዲት እናት ከያዙት ዶሮ ጋር ተጋፍቼ ተቀምጫለሁ። ለሌንስ ወንበር የሚከፍል ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው እያልኩ አጋሮ ገባን።

ጫካው ውስጥ

ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለው የቡና ጫካ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስለተሸፈነ ቀንም ድንግዝግዝ ይላል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፤ በዚያ መሐል እጅ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል። ሩቅ ያለ ነገር በሌንስ ወደ ራስ በተሳበ ቁጥር ደግሞ መንቀጥቀጡ ይብሳል። ይህን በደንብ አውቃለሁ። ሰው ፊት መቆም ግን ስለማልችል ከዛፍ ኋላ ሆኜ በረጅሙ ሌንሴ እየሳብኩ አነሳሁ።

የማሳው ባለቤት ሉባባ፣ ሁሉም በአክብሮት አዴ የሚላቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ከመቅደስ ጋር ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ።

“ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ጅብ መሰልናት?”

“ታፍራለች፣ አዴ።”

“ቡና እኮ ከሩቅ አይለቀምም። ኮቱ፣ ነይ።”

ፈገግ ብዬ እዚያው ቀረሁ። መቅደስ ግን አጠገባቸው ክርኖቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ ትከሻዋን ግንድ ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች። አዴ ሉባባ ቅርንጫፉን ወደ ታች ስበው በብብታቸው ሲይዙ፣ ቀይ ቀዩን በዓይናቸው እስኪመርጡ ድረስ ለአፍታ አይንቀሳቀሱም። መቅደስ ያኔ ትንፋሿን አውጥታ ቁልፉን ትጫናለች።

አጋሮ፣ ምሳ

ጥብስ በልተን የአቮካዶ ጭማቂ እየጠጣን ፎቶዎቹን አየን። በእሷ ፎቶዎች ላይ የአዴ ሉባባ የጥፍር ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። የእኔዎቹ ደግሞ ውሃ የነካው ቀለም ይመስላሉ።

“ሌንሱ ነው” አልኩ።

“ሌንሱማ ግሩም ነው” አለች፣ ክፋት ሳይኖራት። ክፋት ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

የጅማው ሚኒባስ እስኪሞላ ካሜራዋን አስይዛኝ አቮካዶ ልትገዛ ሄደች። ዞር ስትል ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ከመንገዱ ማዶ ያለ በር ላይ አነጣጥሬ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫንኩ። በሩ ቀጥ አላለም፤ በእኔ ሌንስ እንደማየው ይንቀጠቀጣል። እንደገና ሞከርኩ። ከዚያ ሌንሱ ጎን ያለውን የማረጋጊያውን ማብሪያና ማጥፊያ አየሁ። ጠፍቷል።

ስትመለስ አሳየኋት።

“ውይ፣ ትናንት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አድርጌ ስለነበር አጠፋሁት። ወንድሜ ማቆሚያ ላይ ከሆነ ማረጋጊያው ራሱ ያወዛውዘዋል ብሎኛል። በቃ መልሼ ማብራቱን ረሳሁት።”

“ጫካ ውስጥ ያነሳሻቸው ሁሉ እንዲሁ ናቸው?”

“እንዲሁ ነዋ” ብላ ሳቀች፤ አንድ አቮካዶም ሰጠችኝ።

እስከ ጅማ አቮካዶውን እጄ ላይ እያገላበጥኩ አሰብኩ። እስከዚያ ሰዓት የቀናሁት በሌንስ ነበር፤ ሌንስ ደግሞ አንድ ቀን ይገዛል። አሁን በምን ልቅና? በክርኗ? በትንፋሿ? አዴ ሉባባን ቀርባ አንገቷን ሳትደፋ በማናገሯ? ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ እጄ የሚንቀጠቀጠው ሩቅ ስለምቆም ነው። ማወቄ ቅናቱን አልቀነሰልኝም። እንዲያውም ልበልጣት ፈለግሁ።

ዓርብ ጠዋት የመጀመሪያውን የአጋሮ ሚኒባስ ያዝኩ። ረጅሙን ሌንስ ቤት ትቼ ሳይቀርቡ ምንም የማይነሳበትን አጭሩን ብቻ ይዣለሁ። አዴ ሉባባን ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸውና ቀድሜ፣ “አከም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ” አልኳቸው።

“ደህና። ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽ?”

“የትናንቱ አልሆነልኝም። ልቅረብዎት?”

ቅርንጫፉን ስበው በብብታቸው ያዙ። ሻርፓቸው ክንዴን እስኪነካኝ ቀረብኩ፤ ግንዱን ተደግፌ ትንፋሼን አወጣሁና ቁልፉን ተጫንኩ።