ልብስ ሰፊው ታጣቂ የሆነበት ቀን

ትናንት በገዳሪፍ የእህል ገበያ በኩል ሳልፍ ዝናብ የመታው ጆንያ ሸተተኝ። ከሎሪ ላይ ሰሊጥ እያወረዱ ነበር። ሠራተኞቹ በአረብኛ ይጯጯኻሉ፣ ባለሦስት እግሩ ረክሻ ጡሩምባውን ይነፋብኛል፤ እኔ ግን መንገዱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። የመጀመሪያው መድረኬ መጋረጃ ከእርዳታ እህል ጆንያ የተሰፋ ነበር። የሰፋው ሰው ደግሞ... እስኪ ከመነሻው ልንገርሽ።

ርሃብና ጦርነት አገሩን ባዶ ያደረጉበት ዘመን ነው። ከመተማ ወዲህ ያለውን መንገድ በእግሬ ጨርሼ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው መጠለያ ስገባ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ ነበርኩ፤ ከአገሬ ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። መጠለያው ውስጥ በየጠዋቱ ሬሳ በሰሌን ተጠቅልሎ ሲወጣ እናያለን። መጀመሪያ ላይ ብድግ እንል ነበር። በኋላ ተውነው።

አንድ ቀን አንድ የእርዳታ ድርጅት ለጀማሪ የቴአትር አዘጋጆች የሥልጠና ዕድል ከፈተ። ሰዉ ሳቀ፤ «እህል አጥተን ቴአትር!» አለ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። አምስት ወጣቶች ተመርጠን ሦስት ወር እንሠለጥናለን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን አጭር ቴአትር እናዘጋጃለን፤ ሥራው የበለጠው ሰው ካርቱም ሄዶ አንድ ዓመት ይማራል። ካርቱም መሄድ ማለት ደግሞ ተስሪህ ማግኘት ማለት ነው፤ ያለዚያ የጉዞ ፈቃድ ስደተኛ ከገዳሪፍ ኬላ አያልፍም። ከዚያ አቧራ ለመውጣት የማላደርገው ነገር አልነበረም። ይህን አልደብቅሽም።

አሠልጣኛችን ከካርቱም የመጡ ሽበታም ሱዳናዊ ነበሩ፤ ኡስታዝ እንላቸዋለን። በሣር ዳስ ሥር አስቀምጠውን፣ ተርጓሚ አጠገባቸው ሆኖ፣ ተዋናይ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት ዝም እንደሚል ያሳዩናል። አንድ ቀን «ያላያችሁትን አትሥሩ» አሉን። «እነዚህን ሰዎች ልታታልሏቸው አትችሉም።»

እኔም ያየሁትን ልሠራ ወሰንኩ። በመንገዳችን ላይ ታጣቂዎች ስደተኛውን አስቁመው እህሉን ሲቀሙ፣ አንድ ሽማግሌ ከረጢታቸውን አልለቅም ብለው በቆመጥ ተደብድበው ሲሞቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ቆመጡ ራሳቸው ላይ ሲያርፍ ቅል የተሰበረ ነበር የመሰለኝ። ያንን ድምፅ ነበር መድረክ ላይ ማምጣት የፈለግኩት።

ታጣቂውን የሚሆን ሰው ፍለጋ መጠለያውን ዞርኩ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት መግቢያው አጠገብ በአሮጌ የስፌት መኪና ልብስ የሚጠግነውን ሰው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ የእህሉን ሰልፍ ሁሉ የሚያስተካክል የአርማጭሆ ሰው። ሚስቱን መንገድ ላይ ቀብሯል።

«እታለም፣ ሽማግሌውን ልሁን» አለኝ። «ይህንን ሰውዬ መሆን አልችልም። አውቀዋለሁ።»

«ስለምታውቀው ነው የምትችለው።»

«ሰው ይጠላኛል።»

«ኧረ ቴአትር መሆኑን ያውቃሉ፣ ወንድምዓለም!»

እሺ አለኝ። በልምምድ ጊዜ ቆመጡን ሲያነሣ ክንዱ ከትከሻው አያልፍም ነበር። «ከፍ አድርገው! እንደምትጠላው ሆነህ ምታው!» እያልኩ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ አስደገምኩት። አንድ ቀን ከዳሱ ጀርባ ሄዶ ሲያስመልሰው ሰማሁ። ውኃ ይዤለት መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን «አሁን ገባው» ብዬ ደስ አለኝ።

ቴአትሩ የቀረበው ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐዩ ያነድዳል፤ ሰዉ መሬት ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ካኪ ሸሚዝ ለብሶ ራሱ ከሰፋው የጆንያ መጋረጃ ኋላ ሲወጣ የሕፃናቱ ለቅሶ ሳይቀር ጸጥ አለ። «አውርድ!» ብሎ ሲጮኽ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ሽማግሌውን የሚሠራው ሰው ከረጢቱን አቀፈ። ቆመጡ ተነሣ።

ከፊት አንዲት ሴት ብድግ አለች። «አባቴን!» አለች። ከእግሯ ሥር ድንጋይ አንሥታ ወረወረች፤ ግንባሩን መታችው። ልብስ ሰፊው ቆመጡን ጣለና እጆቹን ዘረጋ፤ «እኔ ነኝ! ሰፊው ነኝ!» አለ። ሰዉ ግን ተነሥቷል። ከመድረኩ ጎትተው አወረዱት። በእርግጫ፣ በድንጋይ፣ ባገኙት ሁሉ። ትናንት ሱሪውን ያስጠገነ ሰው ደረቱ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። አንድ ወጣት የዳሱን ምሰሶ ነቅሎ ፊቱን የሸፈነበትን እጁን ደጋግሞ መታው።

«ቴአትር ነው! ቴአትር ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነው የምናገረው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ዝም ብዬ ቆሜ አይ ነበር። ሰዉ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲጥሉ እያየሁ «ሕዝብ የሚነሣው እንዲህ ነው ለካ» ብዬ በልቤ አጠናሁት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። የጮኽኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሰማኝ አልነበረም።

ፖሊሶች ጅራፍ ይዘው ገቡ። ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን አልለዩም። አንዱ ጅራፍ የእኔንም ትከሻ ተለተለው። አቧራው ሲወርድ ልብስ ሰፊው በተቀደደው መጋረጃ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ቀኝ ዓይኑ ፈስሷል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጣት አይመስሉም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኡስታዝ አስጠሩኝ። ፊታቸው የምሥራች የያዘ ሰው ፊት አልነበረም።

«እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ በተርጓሚው በኩል። «ጥሩ ነው ወይ ክፉ ነው አልልሽም። ኮሚቴው ግን አንቺን መርጧል።» ወረቀቱን ሰጡኝ። ተስሪሁም አብሮ ነበር።

ወረቀቱን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ክሊኒኩ ድንኳን ሄድኩ። ያቺ ድንጋይ የወረወረችው ሴት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ስለተጠቀለሉ የማሽላ ገንፎ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ነርሷ እንደነገረችኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳታቋርጥ ትመጣ ነበር። ይቅርታ ስትለው ማንም አልሰማም። ስታየኝ አልተነሣችም።

«ይጨርስና ታወሪዋለሽ» አለችኝ።

ቆሜ ጠበቅኩ። ሲጨርስ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና ሳህኑን ይዛ ወጣች።

«ለካርቱሙ እኔን መረጡኝ» አልኩት።

በቀረችው ዓይኑ አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ።

«እታለም» አለኝ፣ «ደኅና አድርጌ ሠራሁት?»

«በጣም ደኅና አድርገህ» አልኩት። በድዬሃለሁ ማለት ነበረብኝ።

«እንግዲያ ሂጂ።»

ሄድኩ። ዓመቱን ተምሬ ጨረስኩ። ስመለስ ከካርቱም ገበያ ጥቁር መነጽር ገዝቼለት ነበር፤ ለዓይኑ። ከስፌት መኪናው አጠገብ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። አገር ቤት ዝናብ ጥሎ ሰዉ ለእርሻ ሲመለስ እሱም ተነሣ አሉኝ። ከሴትዮዋ ጋር። የቀረችው ዓይኑም ደክማ ስለነበር እሷ ዘር ተሸክማ ከፊት፣ እሱ ትከሻዋን ይዞ ከኋላ፣ በመተማ መንገድ ሲሄዱ ጎረቤቶቹ ሸኝተዋቸዋል።

አሁንም ለሰሊጥ አጨዳ ከአገር ቤት የሚመጡ ሰዎችን ስለ እሱ እጠይቃለሁ። ረጅም፣ ቀኝ ዓይኑ የጠፋ፣ ቀኝ እጁ የማይታዘዝለት ሰው አይታችኋል ወይ እላለሁ። ያስባሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«እንዲህ ያለ ሰውማ በእኛ አገር ስንቱ፣ እናቴ» ይሉኛል።