የሚረጋው ዘይት

መጀመሪያ ያየሁት ቢጫውን ነው። የዓይኔ ቆብ ላይ፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ ቅቤ የተለጠፈ የሚመስል ነገር ወጣብኝ። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ቆዳዬ ቀላ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም። በመስታወት ባየሁት ቁጥር ያስጠላኛል። መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አለኝ፤ ደንበኞቼ ግን «ወዝሽ እኮ በዓይንሽ ወጣ!» እያሉ ያሞግሱኝ ነበር። እኛ ዘንድ መወፈር ምርቃት አይደል?

ከዚያ ደረቴ መጣ። ዘንቢሌን ይዤ ዳገት ስወጣ ጨመቀኝ። ግራ ክንዴ ዛለ። ላብ አጠመቀኝ። በቃ ሞትኩ አልኩ። ቁጭ ስል ለቀቀኝ።

ወልድያ ሄጄ ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሣሁ፤ ደሜም ተመረመረ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። «እናቴ፣ ኮሌስትሮልዎ በጣም ከፍ ብሏል። ይህ ዓይንዎ ላይ ያለው ቅባት የልብዎ የደም ሥር ግድግዳ ላይም እየተለጠፈ ነው። ሥሩ ከተደፈነ ልብዎ ይሞታል» አለኝ። አቶርቫስታቲን የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ። ቅባት እንድቀንስ፣ ቀስ እያልኩም በእግሬ እንድሄድ ነገረኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነበር። ደስ አለኝ! ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ እግዜር ራሱ መድኃኒቴን አዘዘልኝ አልኩ። አጥብቄ ጾምኩ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሳምቡሳው ግን ሁሉም በዘይት የሚዋኝ ነው፤ ዘይቱ ያልተንሳፈፈ የጾም ወጥ ማን ይበላልኛል? ጠዋት የተረፈውን ሳወጣ ሳህኑ ላይ እንደ ሻማ ረግቶ አገኘዋለሁ። በጣቴ ጠርጌ እልሰው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ኮሌስትሮሌ ምንም ያህል አልወረደም። «እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ!» ብዬ ተቆጣሁ።

«በምን ዘይት ነው የሚሠሩት?» አለኝ ሐኪሙ።

«በሚረጋው ነዋ። በጀሪካን በሚሸጠው።»

«እሱ የፓልም ዘይት ነው። ኮሌስትሮል ራሱ የለበትም፤ ግን ጉበትዎ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደምዎ እንዳይጠርግ ያደርገዋል። ጾምዎ ለነፍስዎ ነው እናቴ፤ ዘይቱን ደግሞ ለሥጋዎ ይጹሙት።»

ያንን ሳላደርግ ጦርነቱ ደረሰ። ከጎረቤቴ ከሐሊማ ጋር ግራና ወደምትባለው ከተማ፣ ዘመዶቿ ዘንድ፣ በእግር ሸሸን። መንገድ ላይ ደረቴ ያዘኝ። ተቀመጥኩ። ተኩስ ይሰማል። ሰው ያልፈናል። «ሂጂ» አልኳት። አልሄደችም። «አብሽሪ፣ ወላሂ ያልፋል» አለችኝ። አለፈ። ኪኒኔ ግን አለቀ። የሚገዛበት የለም። የማሽላ ንፍሮ በላን፤ እሱም ሲጠፋ ጎመን በጨው።

ስንመለስ የምግብ ቤቴ በር ተገንጥሏል። የሰፈሩበት ታጣቂዎች ድስቶቼ ላይ ተጸዳድተዋል። የሰው ልጅ ማብሰያ ላይ! ጀሪካኑ ተገልብጦ ዘይቱ ወለሉ ላይ ረግቷል፤ ዝንብ፣ ፀጉር፣ የአይጥ ፋንድያ ተጣብቆበታል። ቱ! የፈላ ውሃ ስደፋበት ቀለጠና ወደ ፍሳሽ ትቦው ገባ። እዚያ ቀዘቀዘ። ረጋ። ትቦውን ደፈነው፤ ቆሻሻው ውሃም ወደ እግሬ ተመለሰ። በእንጨት እየጎረጎርኩ ሳወጣው አስታወከኝ። የሐኪሙ ነገር በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሐኪም ቤቱ ሲከፈት ተመረመርኩ፤ ኮሌስትሮሌ ወርዷል። አንድ ዘመዴ «እንግዲህ ጦርነቱ ጠቀመሽ!» ብሎ ሳቀ። እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም። «አፈር ብላ! ረኃብን መድኃኒት ታደርግብኛለህ?» አልኩት። ሐኪሙም ቢሆን አልተደሰተም፦ «ይህ የረኃብ ነው፤ አይተማመኑበት። ኪኒኑን እንደገና ይጀምሩ። አሁን ጠግበው እየበሉ ነው የምናወርደው።»

አሁን በፈሳሽ ዘይት፣ ያውም በማንኪያ እየለካሁ እሠራለሁ፤ ባቄላውን፣ ጎመኑን፣ የአጃ ሾርባውን ጠግቤ እየበላሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ከሐሊማ ጋር በውርጌሳ መንገድ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ መጀመሪያ ላይ «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» እያሉ የሳቁብን ሴቶች ዛሬ ነጠላቸውን አደግድገው ይከተሉናል። ያ ዳገት አሁን አያስቆመኝም።

እንደ እኔ ለታመማችሁ የምለው ይህን ነው፦ ደማችሁን ተመርመሩ። ተሻለኝ ብላችሁ ኪኒኑን አታቋርጡ። ጾም ነው ብላችሁ ዘይቱን አትመኑት። ደረታችሁን ይዟችሁ፣ አርፋችሁም ካልለቀቀ፣ ሰው ጠርታችሁ ሐኪም ቤት ድረሱ። እኔን ያቆመኝ አምላክ ይመስገን፤ ያን ልጅ ሐኪም ይባርክልኝ፤ ሐሊማንማ በምን አፌ ላመስግናት? ጥላኝ ብትሄድ ኖሮ ይህን የሚነግራችሁ አልነበረም።

ቢጫው ከዓይኔ አልጠፋም፤ ሐኪሙም አብሮኝ ሊኖር እንደሚችል ነግሮኛል። ሰሞኑን አንድ ሾፌር ሽሮዬን በእንጀራው ገለጥ ገለጥ አደረገና «እትዬ፣ ዘይቱ የታለ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ የዓይኔን ቆብ በጣቴ አሳየሁት።

«እዚህ ነው» አልኩት።