ቀይ ክር ያሰርኩባት ካዝና

ወንድሜን የምበልጠው በሁለት ዓመት ነው። ታላቅ ነኝና እሱን ማብሸቅ ከልጅነቴ ጀምሮ የኔ ሥራ ነው። አሜሪካም መጥቼ አልተውኩትም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጄና ከባሏ ጋር ነው የምኖረው፣ እሱ አሌክሳንድሪያ ብቻውን። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየነዳ ይመጣል። ምሳ ይበላል፣ ከዚያ ከልጄ ባል ጋር ወደ ሮክቪል በኩል ካለ የተኩስ መለማመጃ ሄደው ይተኩሳሉ። ወረቀት ነው የሚተኩሱት! ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወረቀት በስተው፣ አንበሳ እንደ ገደለ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ይመለሳሉ።

የሁለቱም ሽጉጥ ስሙ አንድ ነው፣ ጥይቱም አንድ ነው፣ ያቺ ትዌንቲ ቱ የሚሏት ትንሿ። የወንድሜ ግን የድሮው ነው፣ የልጄ ባል ደግሞ በኋላ የወጣውን አዲሱን ገዛ።

“ጋሼ፣ ይሄን ብረት ሙዚየም መቼ ነው የሚያስገቡት?” ይለዋል።

“አንተ መጀመሪያ የራስህን ወረቀት ምታ። ባለፈው የበሳኸው የጎረቤትህን ነው” ይለዋል ወንድሜ።

ቤት ውስጥ ሕፃናት ስላሉ ልጄ ሕግ አወጣች። የባሏ ሽጉጥ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ የወንድሜ ከመኪናው አይወርድም። ካዝናዎቹን፣ ጥይት የሚሞላባቸውን ብረቶች ማለቴ ነው፣ ባዷቸውን እኔ እይዛለሁ። ሲወጡ እሰጣለሁ። እኔም የብስኩት ቆርቆሮዬ ውስጥ አኖራቸዋለሁ። እንዳይቀላቀሉብኝ በጨርቅ ጠቅልዬ የወንድሜን አንዷን በቀይ ክር፣ የልጄን ባል ሁለቱን በነጭ ክር አስራለሁ። ለማኅበር ወጥ ስንይዝ ድስታችን እንዳይለወጥ እጀታው ላይ ክር እናስር የለ? እንደዚያ።

አንድ ቅዳሜ ስወለውላቸው አየሁት። ቁመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ። የወንድሜ ግን ከታች ከኋላዋ ጎድጎድ ያለች ናት። የሱ ሽጉጥ የካዝና መያዣው እጀታው ሥር ነውና እዚያ ላይ ነው የሚነክሳት። የአዲሶቹ ቀዳዳ ጎናቸው ላይ ነው፣ የዚያኛው መያዣ አውራ ጣት አጠገብ ያለች ቁልፍ ናትና። ካዝና ሲያወጡ ስንቴ አይቻቸዋለሁ! ድስትና ክዳን ሳገጣጥም ነው ያረጀሁት፣ ይሄ አይጠፋኝም። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ምሳ ላይ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

“ስለነዚህ ብረቶች አንድ ነገር...”

“እማማ፣ እርስዎ ጨርቁን ይጠቅልሉ፣ ብረቱን ለኛ ይተዉ” አለ የልጄ ባል።

“ፊደል ያልቆጠረች የመሣሪያ አዋቂ!” አለ ወንድሜ፣ እየሳቀ።

እሺ፣ ቆዩኝ አልኩ በሆዴ። ተነስቼ ከአዲሶቹ አንዷን በቀይ ክር አሰርኩና ለወንድሜ ሰጠሁት። የሱን ቆርቆሮዬ ውስጥ ከሥር ደበቅኩ። ሊያስገባት ሲሞክር እምቢ ትለዋለች፣ አገላብጦ ያያታል፣ “አንቺ ሌባ!” እያለኝ ይመጣል፣ እኔም እስኪበቃኝ እስቅበታለሁ። ሐሳቤ ይኼው ነበር።

ቶሎ ተመለሱ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። የልጄ ባል ኩሽና ገብቶ ለልጄ በሹክሹክታ ሲነግራት እሰማለሁ። ካዝናዋ ትገባና ተንሸራታ ትወድቃለች። ሲሚንቶው ላይ ሦስቴ ወደቀች። ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። የመለማመጃው ሠራተኛ መጥቶ የወንድሜን ክርን ያዘና “ትንሽ ይረፉ” አለው።

“እጄ ከዳኝ፣ እታለም” አለኝ ወንድሜ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ ያያቸዋል።

“ምናልባት ካዝናዋ...”

“ካዝናዋማ ያቺው ናት። ክርሽን ፈትቼ ነው ያወጣኋት።”

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ግን የለመደውን አመጣ።

“አረጀህ በለኛ!” አልኩት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን “አንቺስ በሁለት ዓመት ቀድመሽኝ የለ!” ይለኝ ነበር። እሱ ግን ካዝናዋን ኪሱ ከቶ ተነሳና ወደ ቤቱ ነዳ። ስድቤን ሳይመልስ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ደውዬ ስጠራው ጉንፋን ይዞኛል አለ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ ቤልትዌይ በሚሉት ከተማውን በሚዞረው ትልቅ መንገድ ላይ መንዳት ተወ፣ “በዚህ እጅ ሰው እገድላለሁ” ብሎ። የልጄ ባል የጠፋችበትን ካዝና ወንበር ሥር ሲፈልግ እኔም አብሬው ጎንበስ ብዬ እፈልጋለሁ። የወንድሜ ካዝና ቆርቆሮዬ ውስጥ፣ የልጄ ባል ካዝና ደግሞ አሌክሳንድሪያ ወንድሜ ዘንድ መሆኗን እያወቅኩ! ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሁለት ክረምት አለፈ። በዓል በዓል ልጄ ስትወስደኝ አየዋለሁ። ሻይ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ልጄ “አጎቴ ምነው እንዲህ ቶሎ ደከመ?” ስትለኝ “ሐዘኑ ነው” እላታለሁ።

አንድ ቀን ብቻዬን ተነሳሁ። ማንበብ ባልችልም ቀለም አውቃለሁ። ቀዩን ባቡር ይዤ፣ ወደ ቢጫው ተሻግሬ፣ በሩን አንኳኳሁ። ጠረጴዛው ላይ የሱን ካዝና አስቀምጬ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኩት።

ሄዶ የሽጉጡን ሳጥን አመጣ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አየ፣ ካዝናዋን ገፋት። ቀጭ አለች፣ ያዘች። አወጣት፣ ደግሞ ገፋት። ቀጭ።

“ሐኪሙ እጅህ ደህና ነው አለኝ” አለ። “ዋሸኸኝ ብዬ ሐኪም ቀየርኩ።”

ልስቅ ነበር። ዓይኑን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

“በዚያ ቀን ብትነግሪኝ እንዴት እስቅ ነበር መሰለሽ” አለኝ። “እኔ እኮ አንቺን ከምጠረጥር እጄን ጠረጠርኩ።”

ከዚህ የባሰ ስድብ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲሰድበኝ አላገኘም።

በሳምንቱ ቅዳሜ መጣ፣ ራሱ እየነዳ። የልጄን ባል ካዝና ይዞለት መጥቶ ሁሉንም ነገረው። “እማማንማ መሣሪያ መሸጫ ቤት እናስቀጥራቸው” ብሎ ሳቀ ያ ሰው፣ ለሱ ቀላል ነው። እኔ እንደ ድሮው ቆርቆሮዬን ከፍቼ ለወንድሜ ያዝኩለት። አጠገቤ ቆመ፣ የራሱን ካዝና ከኪሱ አወጣ፣ በኔ ላይ አሳልፎ ለልጄ ሰጣት።

“አንቺ ያዥልኝ” አላት። “ክር አያስፈልጋትም።”

የቀሩትን ሁለቱን፣ የልጄን ባል፣ በነጭ ክር አሰርኩና ቆርቆሮውን ከደንኩ።