ግድግዳ ላይ የወጣው ሳጥን

ያ ግራጫ ሳጥን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል። እስራኤል አገር፣ ሀዳር በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ኮምፒውተሮቻችን እርስ በርስ የተያያዙ ስለነበሩ፣ አለቃችን ክፍሉ ተቀምጦ የሚጽፈው መልእክት የሁላችንም ስክሪን ላይ በሳጥን ውስጥ ዱብ ይላል። "እሺ" የሚለውን ካልተጫኑለት አይጠፋም። ዱብ ባለ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ትእዛዝ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የሚበዛው ግን ሐሜት ነው፣ በተለይ በእትዬ ላይ። እትዬ የምላቸው አረጋውያኑን የሚያጥቡና የሚያለብሱ፣ ከጎንደር የመጡ የኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ስለሞቱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚህ ሥራ ነው። አለቃ ሲያናግራቸው እንደ አገራችን ወግ መሬት መሬት እያዩ፣ በዝግታ ይመልሳሉ። የአንዲት አሮጊት ቀለበት የጠፋ ጊዜ ታዲያ ሳጥኑ መጣ፦ "ዓይን ዓይኔን እያየች የማትናገር ሴት የምትደብቀው ነገር አላት። ከበዓሉ በኋላ ትሰናበታለች።"

እትዬን አለቃውን ቀና ብለው እንዲያዩት ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ አለቃ ላይ ማፍጠጥ ነውር አይደለም ወይ?" አሉኝ።

ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ።

የመጦሪያው ኮምፒውተር ጠጋኝ መልእክቱ የሚዘጋበትን ቦታ አሳይቶኝ ነበር። የሐኑካ በዓል ግብዣ ዕለት፣ ማንም ቀድሞ አይቶ እንዳያስጠነቅቀው የእኔንም የነርሶቹንም ዘጋሁ። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ፎቶ የሚያሳየውን ኮምፒውተር ግን ሆን ብዬ ተውኩት። ቤተሰቦቹ ሱፍጋንያ የሚባለውን የበዓል ዶናት እየበሉ የወላጆቻቸውን ፎቶ ሲያዩ፣ ሳጥኑ ግድግዳውን ሞልቶ ዱብ አለ፦ "ያቺን መሬት መሬት የምታይ ሌባ ከእንግዶቹ ቦርሳ አርቋት።"

እንግዶቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉት እትዬ ብቻ ሳህን ማንሳታቸውን ቀጠሉ። እንግዶቹ ሌባዋ ማን ናት ብለው ሲጠይቁኝ የቀለበቱን ነገር አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። የአሮጊቷ ልጅ ብድግ አለች። ቀለበቱን የወሰደችው ራሷ ናት፤ የእናቷ ጣት ስላበጠ አውልቃው ነበር። እትዬ ከተባረሩ እናቷን ይዛ እንደምትወጣም ተናገረች።

አንዷ ነርስ አለቃችንን ጠራችው። እየሮጠ ገብቶ ግድግዳውን አየ፣ ሰዉን አየ። ከዚያ ጠጋ ብሎኝ፣ ወለሉን እያየ፣ ሳጥኑን እንዳጠፋለት በሹክሹክታ ለመነኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም መደበቅ አልፈለግኩም። እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

"ዓይን ዓይኔን እያየህ ተናገር" አልኩት።