ሱሌይማን ዋንጫ ያነሳበት እሁድ

ዝናብ የመታው ጥቁር አፈር ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲሸተኝ፣ የትም ብሆን ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። ሌላው ሰው ዝናብ ሲሸተው ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ወንድሜ ሱሌይማን ናይሮቢ ላይ ዋንጫ ያነሳበትን፣ አባዬና እኔ ግን ሳናየው የቀረነውን እሁድ ነው የሚያስታውሰኝ።

ቤታችን ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ነበር። አባዬ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከወሎ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ሲሆን፣ ገበያ ውስጥ ሽርጥና የፕላስቲክ ጫማ ይሸጥ ነበር፤ እማዬ የሶሎሎ ቦረና ናት። ከእሱ ጋር አማርኛ፣ ከእሷ ጋር ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስዋሂሊ እየተናገርን፣ ስንጣላ ደግሞ ሦስቱንም እየቀላቀልን ነው ያደግነው። ሱሌይማን የመጀመሪያው ልጅ፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ቁመቱ ከበራችን መቃን ስለሚያልፍ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው፤ ረስቶ ግንባሩን በመታ ቁጥር አባዬ፣ «ቁመት ብቻ! ግመል ብትሆን እንኳ ጭነት ትይዝልኝ ነበር» ይለው ነበር።

ሱሌይማን ሶሎሎ ከአያቶቻችን ዘንድ ተቀምጦ ሲማር፣ አንድ መምህር በእንጨት ምሰሶ ላይ የብረት ቀለበት ሰቅሎ ቅርጫት ኳስ አስተማረው። ትምህርቱን እንደጨረሰ፣ እማዬ ቦና በምትለው ደረቅ ወቅት፣ ናይሮቢ ያለ አንድ ትንሽ ቡድን በደመወዝ ቀጠረው። አባዬ ነገሩ አልዋጥ ብሎት ሰነበተ። «ኳስ አስገብቶ ደመወዝ? እሺ፣ ሲስትስ?» ይል ነበር። ቡድኑ የራሱ ሜዳ እንኳ የሌለው፣ ተጫዋቾቹ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ተጋፍተው ልምምድ የሚሄዱ፣ ዓመት እስከ ዓመት የሊጉ ጭራ ላይ የሚንጠለጠል ነበር። ኔትወርክ የሚገኘው ከሱቁ ጀርባ ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ብቻ ስለነበር፣ እሁድ እሁድ ሁላችንም እዚያ ወጥተን የሱሌይማንን ስልክ እንጠብቃለን፤ ይደውልና «ተሸነፍን» ይለናል፤ አባዬም፣ «እኔስ ሁልጊዜ ብከስር ደመወዝ የሚከፍለኝ ማን ነው?» እያለ ከክምሩ ይወርድ ነበር።

በትልቁ ዝናብ ወቅት፣ እማዬ ጋና በምትለው፣ ከብቱ ጠግቦ ወተት በተትረፈረፈበት ወራት፣ ስልኩ ሌላ ነገር ማምጣት ጀመረ። አንድ እሁድ አሸነፉ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተው ደገሙ፣ እንዲህ እየተንገዳገዱ ሄደው ለጥሎ ማለፉ የመጨረሻዋን ቦታ ያዙ። የመጀመሪያ ተጋጣሚያቸው የሊጉ አንደኛ፣ ሀብታሙ ቡድን ነበር። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል መባሉን ሰምተን፣ አባዬ እጄን ይዞ ቴሌቪዥን ወዳለበት ሆቴል ወሰደኝ። ባለሆቴሉ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ «ቅርጫት ኳስ ማን ያያል? ሰው ሻይ የሚገዛኝ የእንግሊዝ እግር ኳስ ሊያይ ነው» አለው።

«ልጄ ነው የሚጫወተው» አለ አባዬ።

«እንግዲያው ልጅህ እግር ኳስ ይጫወት!» ቤቱ ሙሉ ሳቀ።

አባዬ ያዘዘውን ሻይ ሳይቀምሰው ወጣ። ያን ቀን ነው ሱሌይማንን ማየት ምን ያህል እንደሚፈልግ የገባኝ። ልጁ ግን ሁልጊዜ ሲያፌዝ እንጂ ሲመርቀው ሰምቶት አያውቅም ነበር። ማታ ሱሌይማን ደውሎ፣ «አሸነፍናቸው! አባዬ፣ አንደኞቹን...» ሲል ኔትወርኩ ተቆረጠ። አባዬ ስልኩን አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ጆሮው እያደረገ፣ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያለ ሲጮህ፣ እማዬ ከታች «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለች እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባዬ ከናይሮቢ የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ ሱቅ ውስጥ እያስቀመጠ ስለ ጨዋታው ሕግ ይጠይቅ ጀመር። ጨዋታው አራት ሩብ እንዳለው፣ ከሩቅ የገባ ኳስ ሦስት ነጥብ እንደሚያሰጥ ለደንበኞቹ ሲያስረዳ ሰምቼ ሳቄን አፍኛለሁ። ቡድኑ ግማሽ ፍጻሜውንም አለፈ፤ ፍጻሜው ደግሞ በተደጋጋሚ ጨዋታ የሚለይ ስለነበር፣ በእኩል ድል ሲያጓጓ ቆይቶ ወሳኙ ጨዋታ ለእሁድ ከሰዓት ተቀጠረ። ሱሌይማን ደውሎ፣ «አባዬ፣ ትመጣለህ? ከፊት ወንበር አስይዛለሁ» አለ። አባዬ፣ «ሁለት ወንበር ያዝ፣ ዘሀራንም ይዣት እመጣለሁ» አለው፤ እኔን ማለቱ ነው።

ሀገያ ገብቶ ነበር፤ ከትንሹ ዝናብ ወቅት እንዲህ ያለ ውሃ ማንም አልጠበቀም። ያኔ አስፋልት አልነበረም። አርብ በጠዋት አባዬ ለኢድ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ተሳፈርን፤ መንገዱ ደረቅ ቢሆን ቅዳሜ እንገባ ነበር። ቱርቢ የምትባለውን ከተማ አልፈን ሜዳው ላይ እንደደረስን ባሱ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ከፊታችን የከብት መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፣ ከኋላችን ሌሎች ተጨመሩ፣ ሰማዩም አላባራ አለ። ሹፌሩ አባዬ በጠየቀው ቁጥር፣ «ፖሌ፣ ምዜ» ይለው ነበር፤ አይዞህ፣ ሽማግሌው ማለቱ ነው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ፖሌ ተባልን። እስከ ዛሬ ያን ቃል በቅን ልብ የሚለኝን ሰው እንኳ አፉን ብይዘው ደስ ይለኛል።

እሁድ ከሰዓት ዝናቡ አባራና ወንዶቹ ወርደው መቆፈር ጀመሩ። አባዬ ኮቱን ሳያወልቅ ከአንዱ ረዳት እጅ አካፋ ነጠቀ። ሰዓቱን አየና፣ «አሁን ጀመሩ» አለኝ። ዛቀ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከጎማው ሥር ጎዘጎዘ፣ እንደገና ዛቀ። «አሁን ዕረፍት ወጡ» አለ። ባሱ አጓርቶ ትንሽ ተነቃነቀና ተመልሶ ሲሰምጥ ጭቃው ፊቱ ላይ ተረጨ። ፊቱን ሳይጠርግ፣ «አራተኛው ሩብ ገባ፣ ዘሀራ» አለኝ፤ ድምፁ ሊሰበር ሲል የሳለ አስመሰለ። ባሱ ሲወጣ ጨዋታው አልቋል። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ፣ አባዬ አካፋውን መሬት ላይ ወርውሮ ጀርባውን ሰጠን።

ማርሳቢት ስንደርስ ስልኩ ሠራ። «አሸነፍን» አለ ሱሌይማን፤ ድምፁ ውስጥ ግን ደስታ አልነበረም። «ወንበሮቹ ባዷቸውን ዋሉ።» አባዬ «መንገዱ...» ብሎ ሲጀምር ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ተቆርጦ ይሁን ራሱ ዘግቶት፣ ሱሌይማን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ሰኞ ማታ ናይሮቢ፣ ኢስሊ አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ሲቀበለን አቅፎን እንኳ እጁ ቀዝቃዛ ነበር። አባዬን፣ «ድሮም ለመምጣት ልብ አልነበረህም» አለው። አባዬ ለልጁ ምክንያት የሚደረድር ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሦስት ቀን ያፈንኩት ገነፈለና፣ «ጨዋታው ሲጀመርም ሲያልቅም አካፋ ይዞ ነበር! አታይም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ሱሌይማን ያን ጊዜ ነው የአባዬን ኮት፣ እስከ ጉልበቱ የደረቀውን ጭቃ ያየው። ለረጅም ጊዜ አየውና ሜዳልያውን ከኪሱ አውጥቶ አንገቱ ላይ ሊያጠልቅለት እጁን ዘረጋ።

አባዬ እጁን በቀስታ መለሰለት። «ያላየሁትን አላጠልቅም» አለ። «በሚመጣው ዓመት፣ በዓይኔ ሳይ ታጠልቅልኛለህ።» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፣ ሱሌይማንም ሻንጣችንን ተሸክሞ ከፊት ከፊታችን ሄደ። ታርቀው ነበር፤ እኔ ግን ሳቁ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

የሚመጣው ዓመት ግን አልመጣም። ቦና ሲገባ ቡድኑን ይደግፍ የነበረው ነጋዴ እጁን ሰበሰበ፣ ተጫዋቾቹ ተበተኑ፣ ሱሌይማን ሌላ ቡድን ቢሞክርም ጉልበቱን ተጎዳ። አሁን ሶሎሎ ውስጥ ስፖርት ያስተምራል፤ ሲጫወት አባዬ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ዘመኑ አለፈ።

ዛሬ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው፤ ከሰዓት የተነሳ ባስ ሲነጋ ይደርሳል፤ የማንያታ ልጆችም የፈለጉትን ጨዋታ ከስልካቸው ያያሉ፣ ማንንም አይለምኑም። ባለፈው ወር የአባዬን ዓይን ለማሳየት አብረን ስንሄድ ቱርቢን አለፍንና ያ ሜዳ መጣ። ባሱ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። አባዬ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ልቀሰቅሰው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ከዚያ ግን ከአስፋልት ሌላ ምን ላሳየው ነው ብዬ ተውኩት።