ወሰንየለሽ ያስጸለየቻት ሴት

ወሰንየለሽ በዲቪ ሎተሪ አሜሪካ መጥታ ቤድፎርድ የምትባል ከተማ የገባች ሰሞን፣ እንግሊዝኛዋ ኤርፖርት ውስጥ ከምትገፋው የጽዳት ጋሪ አያልፍም ነበር። ይህን ግን ለጎረቤቷ ለእትዬ አበዛሽ አልነገረቻቸውም። አገር ቤት ፊደል የቆጠረች ሰው አሜሪካ ገብታ «አልገባኝም» ስትል ማን ሰምቶ ያውቃል?

እትዬ አበዛሽን ያስመጣቻቸው ልጃቸው ዓለምሸት ናት፣ ሕፃን እንዲያሳድጉላት። ወሰንየለሽ የምትሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ ቀን ሕፃኑ ሲተኛ ሁለቱ እሷ ቤት ሶፋ ላይ ሆነው አንድ የድሮ ተከታታይ ድራማ ያያሉ። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ጨለማ ቤት አለ፤ ከሬሳ ሣጥኑ እየተነሳ ደም የሚመጥ ሰውዬ አለ፤ የቤቱ ባለቤት የሆነች ቀጭን ሴትም አለች። አስተርጓሚዋ ወሰንየለሽ ናት።

ሰውየው ሞቷልና ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ግማሹን ትይዝለታለች፣ ግማሹን ከራሷ ትሞላለታለች። ቀጭኗ ሴት ግን እንደ ሽንብራ ቆሎ ትንጣጣለች፤ አንድ ቃል አይያዝም።

«እሷስ ምን አለች?» ይላሉ እትዬ አበዛሽ።

«ምን ትላለች፣ ጸሎት እያደረሰች ነው።»

«ይህን ሁሉ?»

«ዳዊት ሲደገም አጭር ነው እንዴ፣ እትዬ?»

እንዲህ እንዲህ እያለች የድራማው ዋና ሴት ስትጸልይ ከረመች። ስትቆጣም ጸሎት፣ በር ስታላትምም ጸሎት። እትዬ አበዛሽ ደም መጣጩን ትተው እሷን ወደዱ።

«ታጋሽ ናት፤ እኔን ነው የምትመስለው» ይሉ ነበር።

የቤት ዋጋ በወደቀ ጊዜ ዓለምሸትና ባሏ ዋይሊ የምትባል ሩቅ ከተማ ውስጥ አዲስ ቤት ገዙ። በዚያው ሰሞን እትዬ አበዛሽ ያመለከቱበት የአዛውንቶች አፓርታማ ተራ ደረሳቸው። እዚያው ቤድፎርድ ነው፣ ከወሰንየለሽ በር መንገድ ተሻግሮ። ነገሩን ድራማው መሃል አነሱት።

«የራሴን ቁልፍ ይዤ ብኖር ደስ ይለኛል። ለዓለምሸት ልንገራት ወይስ ልተወው? ትቀየመኝ ይሆናል።»

ወሰንየለሽ በእናትና በልጅ መካከል መግባት ፈራች። ቴሌቪዥኑን በአገጯ ጠቆመች።

«ያቺን አያዩአትም? አንድ ቀን ተናግራ ታውቃለች? ዝም ብላ እየጸለየች፣ መጨረሻ ላይ ቤቱን የምታስቀረው እሷ ናት።»

መጨረሻውን እኮ አላየችውም።

እትዬ አበዛሽም ዝም አሉ። አፓርታማው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሳቸው ዋይሊ ገቡ፤ ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ መንገዱ ላይ ግን ሰው የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድም የሚነዳ ሰው መለመን ነው።

ወሰንየለሽ ሶፋው ላይ ብቻዋን ስትቀር የእንግሊዝኛ ክላስ ጀመረች። ጆሮዋ ሲከፈት ድራማው ከመጀመሪያው በድጋሚ ይታይ ነበርና ቁጭ ብላ ሰማችው። ቀጭኗ ሴት አንድም ቀን አልጸለየችም። ዘመዶቿን ሰብስባ ታፋጥጣለች፤ ደም መጣጩን ራሱን ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ትሰድበዋለች። ቤቱን ያቆመው የሷ አፍ ነው።

ስልክ ደወለች።

«እትዬ፣ ያቺ ሴት ትናገር ነበር። እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

«ጸሎቱስ?»

«ጸሎት አልነበረም።»

«እና ምን ነበር የምትለው?»

«‹ከቤቴ አልወጣም› ነው የምትለው።»

እትዬ አበዛሽ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» ሲሉ ተሰማት። ከኋላቸው ሕፃኑ ያለቅሳል።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ፣ ወሰን?» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ዓለምሸት እኮ ሁለተኛውን አርግዛለች።»